ወደ ጋምቤላ ከመነሳታችሁ በፊት ሄዶ የመጣን ጠይቁ

“ያላዩት አገር አይናፍቅም” ይባላል። ሆኖም ሄዶ የመጣ ሰው ሲያወራ ሰምቶ የማይናፍቅ የለም። ውድ አንባቢያን፣ በተለይም ለብቻችሁ ለመጓዝ የምታስቡ እህቶች፣ ጋምቤላን ለማየት ካሰባችሁ በቅርቡ ደርሳ የተመለሰች ሴት ፈልጋችሁ አነጋግሩ።

አስቀድማ የምትነግራችሁ ስለ ሙቀቱ ነው። ከመቱና ከጎሬ ከፍታ የሚወርደው መንገድ የሚያደርሰው ከባሕር ወለል 500 ሜትር ገደማ ወደምትገኝ ቆላ ከተማ ነውና ካፖርቱ እቤት ይቅር፤ ስስ የጥጥ ልብስ ይያዝ። ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ስለሚበረታ ለመንገደኛ የሚሻለው በጋው ነው። አጎበር አይረሳ። ወባ ከተመለሱም በኋላ ሊነሳ ስለሚችል፣ ትኩሳት ከተሰማችሁ ከጋምቤላ መምጣታችሁን ለሐኪም ንገሩ።

ስለ ባሮ ግን የአገሩን ሰው ስሙ። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ውል የንግድ ጣቢያ የተፈቀደበት፣ በክረምትም ከሱዳን መርከብ ይመጣበት የነበረው ይህ ወንዝ አዞ አለበት። በ1958 ዓ.ም. አንድ ወጣት አሜሪካዊ የሰላም ጓድ አባል እዚያው ሲዋኝ በአዞ ተበልቷል። የአኙዋና የኑዌር እናቶችን ሳትጠይቁ ውሃው ውስጥ አትግቡ።

የጸጥታው ሁኔታም ስለሚለዋወጥ የአምና ወሬ ለዘንድሮ መንገድ አይበቃም፤ በምትነሱበት ሳምንት ደውላችሁ አረጋግጡ። ስትመለሱም ያያችሁትን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ለቀጣይዋ መንገደኛ መንገር የእናንተ ተራ ነው።