መኪናው ሲቆምልኝ

እ.ኤ.አ. በ2019 ኦስሎ ውስጥ አንድም እግረኛ፣ አንድም ብስክሌተኛ በትራፊክ አደጋ አልሞተም። ድንገተኛ ክፍል መኪና የገጫቸውን ሕፃናት ስቀበል ለኖርኩት ነርስ ይህ ተረት ይመስላል። ልጄን ልጠይቅ ሄጄ ግን ምክንያቱን በዓይኔ አየሁ። መሐል ከተማ ብዙው የመንገድ ዳር መኪና ማቆሚያ ተነሥቶ ቦታው ለብስክሌትና ለእግረኛ ተሰጥቷል፤ በብዙ መንገድም ፍጥነት በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዲያልፍ አይፈቀድም። ዜብራ ጋ ስደርስ፣ ገና እግሬን ሳላነሳ መኪናው ቆመ። ጡሩንባ የለ፣ ግልምጫ የለ!

ሄልሜት ግን ሕጉ አያስገድድም፤ ይህ አልተዋጠልኝም። የአሥራ አንድ ዓመቱ የልጅ ልጄ ብቻውን በብስክሌት ትምህርት ቤት ይሄዳል።

«አያትዬ፣ ሾፌሮቹ እኮ ያዩኛል» አለኝ።

«የትራሙ ሐዲድ ቢያንሸራትትህስ?» አልኩት። እያጉረመረመ አሰረው።