ኮልጌት የተቀባው ሲዲ

የጌም ሲዲ ከተጫረ ምን ይደረጋል? ጥያቄውን ለዛሬ ልጅ ብታቀርቡለት «ሲዲ ምንድን ነው?» ሊላችሁ ይችላል። በፕሌይስቴሽን ቱ ዘመን ግን ሰፈር ውስጥ መልሱን የማያውቅ አልነበረም። ኮልጌት ቀባው! ሳን አንድሪያስ የተባለው ጌም ሎዲንግ ላይ ተገትሮ ከሚቀር የቤቱ ኮልጌት ቢያልቅ ይሻላል። ከመሀል ወደ ዳር በሶፍት ቀስ ብሎ ማሸት፣ በውሃ ማለቅለቅ፣ በካናቴራ ጫፍ ማድረቅ፣ ከዚያ «በስመ አብ» ብሎ ማስገባት። ደግሞ ይሠራ ነበር እኮ! ሁልጊዜ ባይሆንም። ምስጢሩ የጥርስ ሳሙናው ውስጥ ያለው ደቃቅ ሻካራ ነገር የጭረቱን ጠርዝ ማለስለሱ ነው። እኛ ግን ሽታው ይመስለን ነበር።

ከዚያ በፊት የነበረው ፕሌይስቴሽን ዋን ደግሞ ሌንሱ ሲደክም ሲዲ አላነብም ይላል። መድኃኒቱ? መገልበጥ! ማሽኑ ሆዱን ወደ ሰማይ ሰጥቶ ሲሠራ ያየች እናት ሁሉ «ይሄ ነገር ይፈነዳል» ሳትል አታልፍም።

የዚያ ማሽን ኦሪጅናል ሲዲ ሆዱ ጥቁር ነበር። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ጥቁሩን በዓይኑ ያየ ስንቱ ነው? እጃችን የሚገባው ብርማ ኮፒ ነው፤ ጀርባው ላይ በማርከር የኳስ ጌሙ ስም «ዊኒንግ» ተብሎ የተሞነጫጨረ፤ ማሽኑም ኮፒ እንዲቀበል ቺፕ የተገጠመለት። ስለዚህ «ጌሙ የኔ ነው» የሚለው ክርክር ሲነሳ ድምፄን ዝቅ ማድረግ ይኖርብኛል።

ግን ይዋሳል! አንዱ ልጅ ሲዲ ካለው ሰፈሩ በሙሉ ሲዲ አለው። «ዛሬ አውሰኝ፣ ነገ በጠዋት እመልሳለሁ» ተብሎ የሄደ ሲዲ ሦስት ቤት ዞሮ፣ ሽፋኑን ጥሎ፣ አዲስ ጭረት ይዞ ይመለሳል። የፕሌይስቴሽን ቱ ሜሞሪ ካርድማ ከሲዲው በላይ ክቡር ነበር። የያዘው ቦታ 8 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ዛሬ በስልክ የሚነሱ ሁለት ሦስት ፎቶዎች ይሞሉታል። ለእኛ ግን የዊኒንግ ማስተር ሊግ ቡድናችን በሙሉ እዚያ ውስጥ አለ፤ ካስቶሎ አለ፣ ሚናንዳ አለ፣ በዓለም ላይ ተፈጥረው የማያውቁ ግን ከእውነተኞቹ ይበልጥ የምንወዳቸው ተጫዋቾች። ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚኬደው ካርዱን ኪስ ከቶ ነው። ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ጆይስቲኩን አይለቅም፣ ከኋላ ደግሞ ያልከፈለ ሁሉ አሰልጣኝ ነው።

ሲዲ የማዋስ ነገር ከተነሳ ሳላወራው የማላልፈው ቀልድ አለ። በፈረንጆቹ 2013፣ ሎስ አንጀለስ ላይ በተካሄደው የኢ ስሪ የጌም ትርኢት ሰሞን፣ የፕሌይስቴሽን ሠሪው ሶኒ ጌም እንዴት እንደሚዋዋሱ የሚያስተምር ቪዲዮ ለቀቀ። አንዱ የኩባንያው ሰው ሲዲውን ያቀብላል፣ ሌላው ተቀብሎ ያመሰግናል፣ አለቀ! ፌዙ ማይክሮሶፍት ላይ ነበር፤ በኤክስቦክስ ዋን ላይ ውሰትንና ሽያጭን የሚያጠብቅ ደንብ አስቦ ነበርና። ጩኸቱ ሲበረታ ማይክሮሶፍት ሐሳቡን ተወ። በ2020 ፕሌይስቴሽን 5 ሲመጣ ግን፣ ያው ያፌዘው ሶኒ ካቀረባቸው ሁለት ዓይነቶች አንዱ ሲዲ ማስገቢያ እንኳ የለውም፤ ጌሙ በዳውንሎድ ብቻ ነው!

ዳውንሎዱን እንዳላማው ግን ደስታውም አለ። እኩለ ሌሊት ላይ፣ በፒጃማ፣ ከአልጋ ሳይወርዱ አዲስ ጌም መግዛት! ጭረት የለ፣ ኮልጌት የለ፣ «ሲዲዬን ማን ወሰደ?» የለ። የፕሌይስቴሽን ቱ ዲቪዲ ባንዱ ንብርብሩ 4.7 ጊጋባይት ይይዝ ነበር፤ ዛሬ አንድ ጌም ብቻውን መቶ ጊጋባይት ሲያልፍ አይገርመንም። ስለዚህ ጥበቃው አልቀረም፤ ፐርሰንት ሲቆጠር ማደር ነው። ለኮምፒውተር የሆነ እንደሆነ ደግሞ አገራችን የራሷን መላ ፈጥራለች፦ ሀርድ ዲስክ ይዞ ሱቅ መሄድና ማስጫን። ሲዲም ዳውንሎድም ያልሆነ ሦስተኛ መንገድ! ከውጭ የሚመጣ ዘመድም ሻንጣው ቀለለት፤ ድሮ ሲዲ ይታዘዝ ነበር፣ አሁን የስጦታ ካርድ ኮድ በቴሌግራም ይልካል።

የሚከነክነኝ ውሰቱ ነው። በዳውንሎድ የተገዛ ጌም ፓስወርድ ካልተዋሰ በቀር እንደ ሲዲ ከቤት ቤት አይዞርም፣ ፓስወርዱን የሚሰጥ ደግሞ ወንድም ብቻ ነው። ሲዲ መያዝም ዋስትና አይደለም። በ2014 የወጣው «ዘ ክሩ» የተባለው የመኪና ጌም ያለ ኢንተርኔት አይንቀሳቀስም ነበር፤ በ2024 መጋቢት መጨረሻ ሠሪው ዩቢሶፍት ሰርቨሩን ሲዘጋ ሲዲውን በእጁ የያዘውም፣ ዳውንሎድ ያደረገውም እኩል ቀሩ። የኛ ብርማ ኮፒ እንኳ እንዲህ ያለ ክህደት አልፈጸመብንም።

ደግሞ ያ ሲዲ አፕዴት አያውቅም። የዛሬዎቹ የኳስ ጌሞች ተኝተን ስንነሳ ተጫዋች አዘዋውረው፣ የአንዱን ፍጥነት ቀንሰው ይጠብቁናል። በ2006ቱ ፔስ 6 ግን አድሪያኖ ዛሬም የኢንተር ነው፣ ግራ እግሩም ዛሬም በረኛ ያስደነግጣል። የሚሠራ ፕሌይስቴሽን ቱ ያለው ሰው ብቻ ይምጣ፤ ሲዲው ከኔ። ኢንተርን የምይዘው ግን እኔ ነኝ!