ዳኛ የሚሆነው ኳስ ያቃተው ነው?

«ኳስ ያቃተው ዳኛ ይሆናል» የምትል ተረብ በዲፓርትመንታችን ልጆች አፍ የተለመደች ናት። ተረቧ ታስቃለች፤ ግን ደግሞ ታሳስባለች። የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች እንደመሆናችን ከመካከላችን በተጫዋችነት እንጀራውን የሚበላው ጥቂት ነው። አብዛኛው አስተማሪ፣ አሠልጣኝ ወይም ዳኛ ነው የሚሆነው። ታዲያ እነዚህ ሙያዎች የወደቀ ሰው መጠጊያ ናቸው ማለት ነው? እኔ መልሱን ያገኘሁት በአሜሪካን ፉትቦል ዳኛው በበርል ቶለር ሕይወት ውስጥ ነው።

የአሜሪካን ፉትቦል ከእኛ እግር ኳስ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው። ኳሷ ሞላላ ናት፤ በአብዛኛው በእጅ ትያዛለች። አጥቂው ቡድን በ4 ሙከራ 10 ያርድ ወደፊት መግፋት አለበት፤ ካልሆነለት ኳሷን ያጣል። ዛሬ በፕሮፌሽናል ሊጉ በኤንኤፍኤል አንዱን ጨዋታ 7 ዳኞች ይመሩታል።

ቶለር እ.ኤ.አ. በ1928 በሜምፊስ ከተማ ተወለደ። የተጫወተበት የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ1951 ዘጠኝ ጨዋታ አድርጎ ዘጠኙንም አሸነፈ። ሆኖም በዓመቱ መጨረሻ ለሚደረጉት ታላላቅ የ«ቦውል» ግጥሚያዎች አልተጋበዘም። ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል? ቡድኑ ውስጥ ሁለት ጥቁሮች፣ ቶለርና ኦሊ ማትሰን ነበሩ። ነጮቹ ጓደኞቻቸው ደግሞ ሁለቱን ጥለው ለመሄድ አሻፈረን አሉ።

በ1952 ክሊቭላንድ ብራውንስ ቶለርን መረጠው። ግን በዚያው ዓመት በኮሌጅ ምርጦች ግጥሚያ ላይ ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳና በፕሮፌሽናል ሊግ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ።

ታሪኩ እኔን የያዘኝ እዚህ ላይ ነው። እኔም ከአምና ጀምሮ በጉልበቴ ምክንያት ከሜዳ ርቄያለሁ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ኳስ ይቅርብህ» ሲለኝ ሁሉ ነገር ያበቃ ነው የመሰለኝ። ቶለር ግን አላበቃም። አስተማሪ ሆነ፤ ጎን ለጎን ዳኝነት ጀመረ። በ1965 ወደ ኤንኤፍኤል ሲገባ የሊጉ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ነበር።

ቦታው የመስመር ዋና ዳኛነት ነው። ኳሷ በተቀመጠችበት መስመር ጫፍ ላይ ይቆማል። ማን ቀድሞ እንደገባ ያያል፤ ኳስ የያዘው ልጅ የቱ ጋ እንደተገታ ይወስናል፤ 10 ያርዱን በሰንሰለት የሚለኩትን ረዳቶች ያዛል። አንዲት ስንዝር ጨዋታ ልታዞር ትችላለች! ውሳኔን በቪዲዮ መልሶ ማየት በሊጉ የተጀመረው ደግሞ በ1986 ነው። ስለዚህ ቶለር አብዛኛውን ዘመኑን የዳኘው በገዛ ዓይኑና በኅሊናው ብቻ ነበር። እስከ 1989 ድረስ 25 የውድድር ዘመን ሠራ። በ1980 ፒትስበርግ ስቲለርስ ሎስ አንጀለስ ራምስን 31 ለ 19 ያሸነፈበትን ሱፐር ቦውል ሲመሩ ከነበሩት ዳኞች አንዱ እሱ ነው፤ በሱፐር ቦውል የዳኘ የመጀመሪያው ጥቁርም ሆነ።

ይበልጥ የገረመኝ ግን ዳኝነቱ የትርፍ ጊዜ ሥራው መሆኑ ነው። በ1968 የቤንጃሚን ፍራንክሊን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሲሆን፣ በሳን ፍራንሲስኮ ይህን ኃላፊነት በሁለተኛ ደረጃ የያዘ የመጀመሪያው ጥቁር ነበር። እሑድ እነዚያን ግዙፎች ሲዳኝ የዋለው ሰው፣ ሰኞ ጠዋት በቢሮው የተጣሉ ልጆችን ሲያስታርቅ ይታየኛል።

ልብ በሉ! ቶለር በወጣትነቱ ፍርድ የተጓደለበት ሰው ነው። በቆዳው ቀለም ምክንያት ቡድኑ በር ተዘግቶበታል። እሱ ግን ዕድሜውን የፈጀው ለማንም ሳያዳሉ በመፍረድ ነው። ይህ «ያቃተው» ሰው ሥራ ነው እንዴ? ለእኔ አይመስለኝም። ተጫዋች የሚታመነው ለራሱ ቡድን ነው፤ ዳኛን ግን ሁለቱም ቡድኖች ሊያምኑት ይገባል።

ቶለር በ2009 በ81 ዓመቱ አረፈ። ከእሱ በኋላ በ1988 ጆኒ ግሪየር የሊጉ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና ዳኛ ሆነ፤ በ2015 ደግሞ ሣራ ቶማስ የመጀመሪያዋ ቋሚ ሴት ዳኛ ሆነች። አንድ ሰው የከፈተው በር ለስንቱ እንደሚተርፍ አያችሁ?

እኔም በሚቀጥለው ሴሚስተር የዳኝነት ኮርስ እመዘገባለሁ። አብሮኝ የሚመዘገብ ካለ ደስ ይለኛል። የቀራችሁት ደግሞ ፊሽካ ስነፋ አደራ፣ ከመስደባችሁ በፊት መስመሩን እዩ!