የእናቴ ምላስና የካርዱ ኮድ

እናት አባታችሁ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ይቺን አንብቧት። ትንሽ ትረዝማለች፣ ይቅርታ።

ክረምት ላይ እማዬ ከእንቅልፏ ስትነሳ ምላሷ አብጦ አፏን ሞልቶታል። መናገር አቃታት። ማሳከክ የለ፣ ሽፍታ የለ። ጎረቤት "ምች ነው" ብሎ ዳማከሴ ይዞ መጣ፤ እኔ ባጃጅ ጠርቼ ይዣት ሄድኩ። መርፌ ተወጋች፣ በማግስቱ እብጠቱ ጎደለ። ካርዷ ላይ የምላስ ብግነት፣ ኬ14.0 ተባለ። አንቲባዮቲክና መጉመጥመጫ ይዘን ተመለስን። ኢናላፕሪሏንም ቀጠለች። ከፋርማሲ የምገዛላት እኮ እኔው ነኝ! ማንም አልጠየቀም፣ እኔም አልተናገርኩም።

ከሁለት ወር በኋላ ደገማት። አሁን ትንፋሿ ያፏጫል። ተረኛው ሐኪም ካርዱን ገልጦ ያቺን ኬ14.0 አየና ስለ ጥርሷ፣ ስለ ትኩሳቷ ይጠይቀኝ ጀመር። አንዲት ጠና ያለች ነርስ ናት "እማማ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" ያለችው። "ኢናላፕሪል፣ አራት ዓመት ሆናት" አልኩ። ተያዩ። እዚያው መድኃኒቱ ቆመ፤ ኦክስጅን ተደርጎላት ሌሊቱን በክትትል አደረች።

ካርድ ክፍል የሚሠራ የድሮ ተማሪዬን አግኝቼ ስለ ኮዱ ጠየቅኩት። "ቲቸር፣ እኔ ሐኪሙ የጻፈውን ነው ኮድ የምሰጠው" አለኝ። "የምላስ እብጠት" ብቻ ተብሎ ከመጣለት አር22.0 ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ያ ደግሞ ጭንቅላት አካባቢ እብጠት አለ ከማለት አያልፍም። ኬ14.0 ምላሱ ራሱ ሲቆጣ ነው። የእማዬ አንጂዮኢዲማ ነው፣ ቲ78.3። መድኃኒቱ ያመጣው መሆኑን ለማሳየት ዋይ52.4 ከጎኑ ይጨመራል።

እኔ ጂኦግራፊ ነው የማስተምረው። "አባይ የት ይገባል?" ስል "ውሃ ውስጥ" ብሎ የጻፈልኝ ልጅ ነበር። ውሸት አይደለም፤ ግን በዚህ መልስ ማንም መንገድ አያገኝም። አር22.0 እንደዚያ ነው። ኬ14.0 ግን ባሰ፤ ቀጣዩን ሐኪም ወደ ሌላ መንደር ነው የላከው።

ስማቸው በ"ፕሪል" የሚያልቅ የግፊት መድኃኒቶች፣ ካፕቶፕሪልም ሊሲኖፕሪልም፣ ይህን ሊያመጡ ይችላሉ። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፤ ግን ከዓመታት በኋላም ሊከሰት ይችላል። "ለምዳዋለች" ብላችሁ አትዘናጉ። እብጠት ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም፣ የመድኃኒቱን ስም ሳትጠየቁ ተናገሩ። ምንም ሳይኖር ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙ፣ ግፊቱም ይገድላል።

እማዬ አሁን አምሎዲፒን ላይ ናት። የኢናላፕሪሉን ባዶ ማሸጊያ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ነው የምትዞረው። "ስሙ ይጠፋኛል፣ ይቺን አሳያቸዋለሁ" ትላለች።