ያልተቈጠረው ትንፋሽ

በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ስለ ሌላ ሰው ጉድለት ሳይሆን ስለ ራሳችን ነው። ምናልባት በእናንተም ቤት ማታ ከሥራ ሲመለስ «ሰለቸኝ» የሚል ወንድም ወይም እኅት ይኖር ይሆናልና፥ ነገሩ ለቤተ ሰብ መወያያ ቢሆን ብለን ጻፍነው።

የምንኖረው በድሬዳዋ ከተማ በሳቢያን ሰፈር ነው፤ የምንሠራውም በከተማችን ካሉት ሐኪም ቤቶች በአንደኛው በነርስነት ነው። አራት ዓመት ተምረን ስንመረቅ፥ የልብን አሠራር፥ የመድኃኒትን ጠባይ፥ ሕመምተኛን መርምሮ የእንክብካቤ ዕቅድ ማውጣትን ሁሉ ዐውቀን ነበር። ሥራ ስንገባ ግን ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብን። ጠዋት ከሌሊት ተረኞች እንረከባለን፤ አንሶላ እንቀይራለን፤ ትኩሳት እንለካለን፤ መርፌ እንወጋለን፤ ግሉኮስ እንሰቅላለን፤ የሠራነውንም በካርዱ ላይ እንጽፋለን፤ ጥቂት ሰዓት ቈይተን ያንኑ እንደ ገና እንጀምራለን። የታዘዘውን መፈጸም እንጂ «አንቺስ ምን ይመስልሻል?» ብሎ የሚጠይቀን አልነበረም። ሁለት ዓመት ሳይሞላን እጃችን ያለ ልባችን መሥራትን ለመደ። ማታ እናታችን ቡና እያፈላች «ልጄ፥ እንዴት ዋልሽ?» ስትለን መልሳችን «ያው ነው» የሚል ብቻ ሆነ።

በአንድ የግንቦት ቀን፥ የድሬዳዋ ሙቀት በበረታበት ሰዓት፥ በሕፃናት ክፍል ተረኞች ነበርን። አንድ የ9 ወር ሕፃን በሳል ምክንያት ከተኛ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ትኩሳቱን ለካን፤ የልብ ምቱንም መሣሪያው ነገረን። ትንፋሽን ግን ያ መሣሪያ አይነግርም፤ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆሞ የልጁን ደረት እያዩ መቍጠር ያስፈልጋል። እኛም ከላይ ባለው መስመር «38» ተብሎ ተጽፎ ስላየን፥ ሳንቈጥር «38» ብለን ጽፈን ወደሚቀጥለው አልጋ አለፍን።

በዚያን ጊዜ አያቱ የነጠላችንን ጫፍ እንደሚይዝ ሰው የጋዋናችንን እጅጌ ያዝ አድርገው «ልጄ፥ ይህ ሕፃን እንደ ትናንቱ አይደለም የሚተነፍሰው፤ እስቲ ሆዱን እይልኝ» አሉን። ልብሱን ገልጠን አየን። በሳበ ቍጥር ከጎድኑ በታች ያለው ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጕድ ነበር። ሰዓታችንን ይዘን ቈጠርን፤ 66 ሆነ።

ሐኪሙ ተጠራ፤ ኦክስጅን ተደረገለት፤ መድኃኒቱም ተለወጠ። በስድስተኛው ቀን ሕፃኑ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሲወጣ፥ አያቱ «እጅሽ ይባረክ» ብለው መረቁን። ያ ምርቃት ከተግሣጽ ሁሉ የከበደ ነበር፤ ያየችው የእርሳቸው ዓይን እንጂ የእኛ እጅ አልነበረምና።

ሐሰተኛውን ቍጥር በዚያው ቀን ሰርዘን እውነተኛውን ጽፈን ፈረምንበት። ለክፍሉ ኀላፊም ሳንቈጥር መጻፋችንን ነገርናት። ስትቈጣን ስንጠብቅ፥ ጥቂት ዝም ብላ «ሰኞ ተማሪዎች ይመጣሉ፤ ትንፋሽ መቍጠርን የምታስተምሪአቸው አንቺ ነሽ» አለችን።

ሰኞ ዕለት አንዲት ተማሪ «ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን የፈጣን ትንፋሽ ወሰን 50፥ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ግን 40 የሆነው ለምንድር ነው?» ብላ ጠየቀችን። ቍጥሩን እናውቀዋለን፤ ምክንያቱን ግን ረስተነው ነበር። ማታ በሳቢያን ቤታችን የቀድሞውን ደብተር ከሣጥን አውጥተን አነበብን። ትንሽ ሕፃን በጤናውም ጊዜ ከትልቅ ልጅ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ሳንባ ምች የያዘው ልጅ ደግሞ ሳንባው ስለሚደድር በጥልቅ መተንፈስ ያቅተዋል፤ የጐደለውንም በፍጥነት ሊሞላው ይሞክራል። ሕመሙ ሲጸና ደረቱ ወደ ውስጥ ይገባል። እናቶችም ይህን ልብ በሉ፤ ልጃችሁ ሲያስለው፥ ሳያለቅስ ወይም ሳይጠባ ሳለ ደረቱን ገልጣችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቍጠሩ፤ ከተባለው ወሰን ከደረሰ ወይም ካለፈ፥ ይልቁንም ደረቱ ከተሰረጐደ፥ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ከዚያ ወዲህ «ያው ነው» ያልነውን ሁሉ እንደ ገና መመርመር ጀመርን። በከተማችን ትኩሳትን የመሰለ ተራ ነገር የለም። ነገር ግን በ2006 ዓ.ም ያ ተራ ትኩሳት ደንጊ ሆኖ ተገኘ፤ በአገራችን የደንጊ ወረርሽኝ በላቦራቶሪ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው በዚሁ በድሬዳዋ ነው። በ2011 ዓ.ም መገባደጃ ደግሞ ችኩንጉንያ ገብቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብዙ ሺሕ ሰው በመገጣጠሚያ ሕመም አስጐነበሰ። በ2014 ዓ.ም በበጋው ወራት ወባ ሲነሣ፥ ከምክንያቶቹ አንዱ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች እንግዳ ትንኝ መሆንዋ ታወቀ። እነዚህ ሁሉ ወደ ሐኪም ቤት የገቡት እንደ ማናቸውም ትኩሳት ሆነው ነው። ትኩሳትን በየዕለቱ የሚለካው ሰው ዓይኑ ከተዘጋ፥ የዛሬው ከትናንቱ መለየቱን ቀድሞ ማን ያያል?

በ4ኛው ምዕት ዓመት በግብፅ በረሃ የነበሩ አበው ይህን የልብ ድካም ያውቁት ነበር። በቀትር የሚመጣ፥ ፀሐይን የቆመች የሚያስመስል፥ ሰውን በዓቱንና የእጁን ሥራ የሚያስጠላ ጠላት ነው ብለውታል፤ ሃኬት የሚባለውም ይኸው ነው። አባ እንጦንስ በዚህ በተፈተኑ ጊዜ ያዩት ምሳሌ፥ ተቀምጦ ገመድ የሚታታ፥ ተነሥቶ የሚጸልይ፥ እንደ ገና ተቀምጦ የሚታታ ሰው ነበር። ሥራው አልተለወጠም፤ የሚሠራው ግን ነቅቶ ነበር።

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴም በስደት ዘመን በሎንዶን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሐኪም ቤት ተምረው፥ በ1931 ዓ.ም የሕፃናት ነርስ ሆነዋል። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሲሆኑ ከታመመ ሕፃን አልጋ አጠገብ መቆምን ሥራቸው ማድረጋቸውን ስናስብ፥ እኛ ያንኑ ሥራ ያቃለልንበት ልብ ያሳፍረናል።

ይሁን እንጂ መሰልቸት ሁሉ የሰልቺው ጥፋት ነው አንልም። የተማረውን እንዲሠራበት የማይፈቀድለት፥ አሳቡም የማይጠየቅ ሠራተኛ መደንዘዙ አይቀርም። እኛን የቀሰቀሰን የራሳችን ኀፍረት ብቻ አልነበረም፤ ያቺ ኀላፊ በቅጣት ፈንታ ያሸከመችን ኀላፊነትም ነበር። ስለዚህ አለቆች የሆናችሁ፥ የደከመውን ከመንቀፋችሁ በፊት ከዕውቀቱ የሚመጥን ሥራ ሰጥታችሁት እንደ ሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ሠራተኞች የሆንንም ኀላፊነት እስኪሰጠን ብቻ አንጠብቅ፤ እንጠይቅ።

ዛሬም የምንሰለችበት ቀን አለ፤ አንሶላው ያው አንሶላ ነው፤ የቀትሩም ሙቀት አልቀነሰም። ነገር ግን ትንፋሽ ሳንቈጥር አንጽፍም። እናታችንም የቀድሞ ጥያቄዋን ትታለች። ቡናውን ቀድታ ስታቀብለን «ልጄ፥ ዛሬስ ምን አየሽ?» ትለናለች። እኛም ማታ የምንነግራት ነገር እንዳናጣ ስንል፥ ቀኑን ሙሉ እናያለን።