የይለፍ ቃላችን ሳይሰረቅ



ግሸን ሆነን የጀመዓውን ድረ ገጽ በስልክ እናስተዳድራለን። አንድ ቀን ሎግ ኢን እንዳደረግን የመጣልንን ሊንክ ነካን። ከዚያ ሰዎች ገመናቸውን አምነው የሚጽፉልን ጥያቄ ወደማናውቀው ኢሜይል ይሄድ ጀመር።

የይለፍ ቃላችን አልተሰረቀም። ሊንኩ በስውር ያዘዘውን ብሮውዘራችን ከመግቢያ ኩኪያችን ጋር ላከው፤ የፎርሙ ፕለጊንም «ያዘዘው ባለቤቱ ራሱ ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ ተቀበለ። ይህ ቀዳዳ ሲኤስአርኤፍ ይባላል።

ዎርድፕረስ ለዚህ «ኖንስ» አለው፦ ከፎርሙ ጋር የሚሄድ፣ ቢበዛ በ24 ሰዓት የሚያልፍበት የምስጢር ኮድ። ፕለጊን የምትሠሩ፣ እሱን ሳታረጋግጡ፣ የሰውየውንም ሥልጣን ሳታዩ ምንም አትቀይሩ። እኛ ተጠቃሚዎች ደግሞ ፕለጊኖችን እናድስ፣ የማንፈልገውን እናጥፋ፣ ስንጨርስ ሎግ አውት እናድርግ።

የሰው ገመና አማና ነው። ጠያቂዎቻችንን «አውፍ በሉን» ብለናል።