የሕፃን ጠባይ ሲለወጥ

በጋይንት ደጋ የኖረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የንፋስ መውጫ ነፋስ ሲነሣ ቆርቆሮውን ያንኳኳል፤ ያልተቀረቀረውንም በር ያላትማል። ለእኛ የተለመደ ድምፅ ነው፤ ለአንድ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ ግን እንዲህ አልነበረም።

ልጁ ቀድሞ ፊደሉን አጥርቶ የሚያውቅ፣ ለንባብም ከሁሉ አስቀድሞ እጁን የሚያወጣ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ወደ ትምህርት ሲመለስ ግን ሌላ ልጅ መስሎ መጣ። ሲጠየቅ ዝም ይላል፤ ያወቀውን ፊደል ይስታል፤ በዕረፍት ሰዓትም ከባልንጀሮቹ ይጣላል። አንድ ቀን ነፋሱ በሩን በኀይል ቢመታው፣ ልጁ ከዴስኩ ሥር ገብቶ ተኰራመተ። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔም ያፌዘብኝ መስሎኝ አስወጥቼ ከደጅ አንበረከክሁት።

በማግሥቱ አያቱ መጡ። «መምህር፣ እባክዎ አይቈጡት። ሌሊት እየጮኸ ይነሣል፤ መኝታውንም ያረጥባል። ያን ሰሞን ከእኔ ጋር አልጋ ሥር ተደብቆ ነው የከረመው» አሉኝ።

«ያን ሰሞን» ያሉት ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በጾመ ፍልሰታ፣ ከተማችን በሕወሓት ታጣቂዎች እጅ የነበረችበትን ጊዜ ነው። እኔም በዚሁ ከተማ ነበርሁ። የራሴን ድንጋጤ እያወቅሁ የልጁን አለማወቄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ያደግሁት በአለንጋና በኵርኵም ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት በአካላቸው እንዳይቀጡ ስለሚያዝ አለንጋውን ትቼ ነበር፤ ማንበርከኩን ግን ቅጣት አድርጌ አልቈጠርሁትም። ስለ ቅዱስ ያሬድ ሳስተምርም፣ ዛፍ ስትወጣ እየወደቀች ስለምትነሣው ትል ብቻ እናገር ነበር። ከመምህሩ ከጌዴዎን ፊት ያሸሸው ግን ምን እንደ ነበረ ልብ አላልሁም፤ ግርፋት ነበረ።

ከዚያ በኋላ ልጁን ከበሩ ርቆ በአጠገቤ እንዲቀመጥ አደረግሁ። በሩንም በድንጋይ አስደገፍሁት። ትምህርት ሳልጀምር ጥቂት አጫውተው ነበር፤ አያቱም ወደ ሐኪም ወሰዱት። ንባቡ የተመለሰለት ቀስ በቀስ፣ በወራት ነው። ዛሬ ከፍ ያለ ክፍል ደርሷል፤ በር ሲላተም ግን አሁንም ትከሻው ይሰበሰባል።

የተወደዳችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ መኝታውን ማርጠብ ከተወ በኋላ እንደ ገና ቢጀምር፣ የሚያውቀውን ቢረሳ፣ ጨዋታ ቢጠላ ወይም ያለ ልማዱ ቢጣላ፣ «ባለገ» ከማለታችሁ በፊት ምን እንዳገኘው መርምሩ። ምክንያቱ ሁልጊዜ ፍርሀት አይደለም። ሲጠሩት የማይመልሰው ጆሮው መግል ይዞ ይሆናል፤ ከሰሌዳው የማይገለብጠውም ዐይኑ አላይ ብሎት ይሆናል። ንግግሩ ከእኩዮቹ እጅግ የዘገየውም ልጅ ቶሎ መታየት ይገባዋል። ነገሩ ከሳምንታት በላይ ከቈየ ለመምህሩ ንገሩ፤ ወደ ጤና ጣቢያም ውሰዱት። ጠበል የምታስጠምቁትም ብትሆኑ ሐኪም ማማከርን አትተዉ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልምና።

እናንተም መምህራን ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከመቅጣታችሁ በፊት ወደ ልጁ ቤት ሰው ልካችሁ ጠይቁ። እኔ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ልጅ በዚያ ብርድ ደጅ ላይ ባልተንበረከከም ነበር።